አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር

አቶ ገብረወልድ መሞታቸውን የሰሙት ቁርስ ላይ ነው። የገንፎው ቅቤ ገና ሳይነካ ከደጅ «ወየው ገብሬ! ወየው የዕድሩ ዋልታ!» የሚል ጩኸት ሰሙና፣ የትኛው ገብሬ ይሆን ብለው ማንኪያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። ግቢያቸው ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢያቸውን በተከናነቡ ወንዶች ሞልቷል። የድንኳኑ እንጨት ከትከሻ ወርዷል፤ አንዱ ጎረምሳ አጥሩ ጥግ ጉድጓድ መማስ ጀምሯል። ሟች ማንኪያ ይዘው ሲወጡ አንዲት አልቃሽ ጮኸች፤ ከቀድሞው ጩኸቷ ይልቅ ይሄኛው ከልቧ ነበር።

እውነተኛው ሟች አቶ ካሣዬ ናቸው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዓመት ሙሉ ተኝተው የከረሙት። አቶ ገብረወልድ የዕድሩ ዳኛ እንደመሆናቸው «ካሣዬ አርፏል፤ ሄደህ ንፋ» ብለው ለጡሩምባ ነፊው ለወልደጻድቅ የነገሩት ራሳቸው ናቸው። ወልደጻድቅም ጡሩምባውን አንግቶ ወጣ። መንገድ ላይ ሟቹንና መልእክተኛውን አቀያየረና መልእክተኛውን ቀበረ።

የወልደጻድቅ ሚስት አሰፋች የባሏን ድምፅ ከሩቅ ታውቀዋለች። «የዕድራችን ዳኛ አቶ ገብረወልድ ስላረፉ» ሲል በሰማች ጊዜ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። አቶ ገብረወልድን ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ በሯ ላይ ቆመው አይታቸዋለች፤ ያውም ብርዱን ሲራገሙ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረወልድ መጡ። ወልደጻድቅ ጓሮ ፀሐይ ይሞቃል።

«አሰፋች፣ እኔ አልተቀየምኩም» አሉ፤ ፊታቸው ግን ክፉኛ ተቀይሟል። «እንዲያውም ጠቅሞኛል። ማን እንዳለቀሰ በዓይኔ አየሁ። የሚስቴ ወንድም ለምሳሌ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር የቆመው።»

«ሰው አይሳሳትም?»

«ሰው ይሳሳታል። ጡሩምባ ግን አይሳሳትም። ደንባችንን ታውቂያለሽ፤ የተጠራ ተጠርቷል። አንዴ ከተጠራ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይቀመጣል። እኔ ማንኪያ ይዤ ባልወጣ ኖሮ እኮ ቀብራችሁኝ ነበር!»

«ውይ፣ አቶ ገብረወልድ!»

«እኔ ቀልዴን ነው እንዴ? ስሚኝ። ሆስፒታል አዲስ ዶክተር መጥቷል፣ ውጭ አገር የተማረ። የሰውን ጭንቅላት በጥያቄ ይመዝናል አሉ። ይዘሽው ሂጂ። ደህና ነው ካለ ጡሩምባው ከወልዴ ጋር ይቀራል። አይ ካለ ለሌላ ሰው እንሰጣለን። ኮሚቴው እንዲህ ብሏል።» ኮሚቴው ሲሉ በእጃቸው ደረታቸውን ነካ አደረጉ።

አሰፋች አልተከራከረችም። የደነገጠችበትን ነገር ለአቶ ገብረወልድ ብትነግራቸው ጭራሽ ይብስባት ነበር። ወልደጻድቅ ጨው አልጋ ውስጥ ሲደብቅ ከረመ። ጫማውን ተጫምቶ ጫማ ይፈልጋል። ባለፈው የገበያ ቀን ከመነኻሪያው ወዲያ ኢተያ መሄጃው ላይ ተገኝቶ፣ ጎሚስታው ከዲሮ እጁን ይዞ ነው ያመጣላት። ጡሩምባውን ሲያነሳ ግን ሌላ ሰው ነው። ወገቡ ይቃናል፤ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል። በወፍጮ ቤቱ፣ በጎሚስታው፣ በመስጊዱ ሥር አድርጎ እየነፋ እስከ አስፋልቱ ይወጣና ዞሮ ቤቱ ይገባል። ጡሩምባውን ይዞ ከወጣ ይመለሳል፤ ሳይዝ ከወጣ ሰው ይመልሰዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ጡሩምባውን ከወሰዱበት ባሏን ወሰዱባት ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ እሱን ለማንም አትናገረውም። ጀምበር ዘቅዘቅ ስትልና ብርዱ ከጭላሎ ሲወርድ ወልደጻድቅ ወደ በሩ እያየ፣ «ደመቀ ከበቆጂ ገባ?» ይላል።

«ነገ ይገባል» ትላለች አሰፋች።

«ደግ» ይልና ይተወዋል።

ደመቀ ልጃቸው ነው። በዚያ በክፉው ዓመት፣ በሰባ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በቆጂ አክስቱ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ ከአውቶቡስ አስወረዱት፤ በማግስቱ ከከተማው መውጫ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። አልቅሶ የተገኘ ወዮለት ተብሏል። አቶ ገብረወልድ በጓሮ አጥር በኩል መጡና፣ «ወልዴ፣ ዛሬ ጡሩምባ የለም። ታዝዘናል» አሉ። ወልደጻድቅ ጡሩምባውን ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ መጥረቢያ አነሳ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ልጁም ያለ ጡሩምባ፣ ያለ ድንኳን መቃብር ገባ።

ከዚያ ወዲህ ወልደጻድቅ የልጁን ስም አንስቶ አያውቅም ነበር። አሰፋችም አልጠየቀችውም፤ ሆዷ ግን ሁልጊዜ ይጠይቀዋል። ለሰካራሙም ለአራጣ አበዳሪውም የነፋ ሰው፣ ለአንድ ልጁ እንጨት ይፈልጣል? በሽታው መጥቶ «ደመቀ ገባ?» ማለት ሲጀምር ግን ቂሟ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሞቱን ረስቶታል አለች በልቧ። ይህ ሌባ በሽታ ከቤቷ ከሰረቀው ሁሉ አንዱን እንኳ በደግ ወስዶታል።

ከግቢያቸው የውጭውን ክፍል የተከራየችው ነርስ ወይንሸት ነበረች፤ ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ብርዱን ለሦስት ዓመት ያልለመደች ልጅ። አሰፋች የእርጎ ማሰሮ ይዛ ገባችባት።

«ወይንሸትዬ፣ ይሄ ዶክተር ምን ምን ይጠይቃል?»

«እትዬ አሰፋች፣ ይሄ እኮ የትምህርት ቤት ፈተና አይደለም። አጥንተው የሚያልፉት ነገር አይደለም።»

«ፈተና የተባለ ሁሉ ይጠናል። ደመቀ ሻማ አቅልጦ ነበር የሚያጠናው።»

ወይንሸት እርጎውን አየች። ከዚያ አሰፋችን አየች። ነገረቻት፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቦታውን፣ ስለ መሪው፣ ከመቶ መቀነሱን። «ደግሞ ሦስት ቃል ይሰጣቸውና ቆይቶ መልሱልኝ ይላል። ፈረስ፣ ቁልፍ፣ ገብስ።»

ትምህርቱ በዚያው ቀን ተጀመረ።

«ዓመቱ ስንት ነው?»

«ሰባ» አለ ወልደጻድቅ።

«ሰባ አለፈ። ሰባ ዘጠኝ ነው።»

«አልፏል?» አለና አንገቱን ነቀነቀ፤ ያመናት አይመስልም።

«መሪያችን ማን ነው?»

«ጃንሆይ።»

አሰፋች ተነሥታ በሩን ዘጋች። «እንዲህ ካልክ የሚወስዱት ጡሩምባህን ብቻ አይደለም። እሺ፣ ሦስቱን ቃል በለኝ።»

«የምን ቃል?»

«ፈረስ፣ ቁልፍ፣ ገብስ።»

«ማን ሊገዛ ነው?»

እንዲህ ሲሆን ሰነበተ። ጠዋት ያስገባችው ለምሳ አይደርስም። ለቅሶዋ ሲመጣባት አንድ ነገር ታያት። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳው አንድ ነገር ቢኖር አጠራሩን ነው። ጡሩምባውን ከሚስማሩ አወረደችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ወልዴ፣ ሦስት ሰው አርፏል። ፈረስ፣ ቁልፍና ገብስ። ጥራልኝ።»

ወገቡ ተቃና። አልነፋም፤ ቤት ውስጥ እንደማይነፋ ያውቃል። ድምፁን ብቻ ሳብ አድርጎ፣ «የማርያም ዕድር ሰዎች! ሰምታችሁ አልሰማንም እንዳትሉ! አቶ ፈረስ፣ አቶ ቁልፍና ወይዘሮ ገብስ ስላረፉ...» አለ። አሰፋች ከእንባዋ መሀል ሳቀች። በማግስቱ ጠየቀችው፤ ሦስቱም ነበሩ። በሦስተኛውም ቀን ነበሩ። ሰባ ዘጠኝንም፣ አሰላንም፣ አርሲ ክፍለ ሀገርንም አንድ በአንድ እንደ ሟች አስጠራችው። ለዕውቀት የሚሆን መንገድ ካገኘች በኋላ ማን ይመልሳት! በአጠራር ዜማ የገባ ሁሉ አይወጣም።

በቀጠሮው ቀን ጡሩምባውን አንግቶ ሄደ። የሆስፒታሉ ዘበኛ «ይሄ አይገባም» ቢል፣ «እሱ ካልገባ እኔም አልገባም» አለና ዘበኛው ግራ ገብቶት አሳለፈው። አቶ ገብረወልድ ቀድመው መጥተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኮሪደሩ ላይ ከበሽተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ ውጤቱን በጆሯቸው ሊሰሙ። ወተት ሻጯ ዙቤዳም የታመመች ልጇን ኢፍቱን ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች።

ዶክተር ፍሰሐ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ወልደጻድቅን ወንበር አስያዘ፣ አሰፋችን ከበስተኋላ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ «እማማ፣ እርስዎ እንዳይመልሱለት» አላት። ወይንሸት መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«አባባ፣ ዓመቱ ስንት ነው?»

«ሰባ ዘጠኝ» አለ ወልደጻድቅ፣ ዜማ ባለው ድምፅ።

«የት ነው ያለነው?»

«አሰላ፣ አርሲ ክፍለ ሀገር።»

አሰፋች ትንፋሿን ለቀቀች።

«የአገራችን መሪ ማን ናቸው?»

ወልደጻድቅ ዞሮ አሰፋችን አየ። ይህን በዜማ አላስገባችውም፤ ሞተ ተብሎ መጥራቱ አስፈርቷታል። ዶክተሩን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ዛሬ በማለዳ ነው የወጣሁት፤ ሬዲዮም አልሰማሁ። ካልተለወጠ የትናንትናው ነው።»

ወይንሸት ሳል ያዛት። ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አይታወቅም።

«አሁን ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ፤ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ። ድልድይ፣ ማር፣ ጃንጥላ።»

አሰፋች ወይንሸትን አየች። ወይንሸት መሬቱን አየች። ሰውዬው ቃሎቹን የሚቀያይር ኖሯል።

«መቶ በግ አለዎት እንበል። ሰባቱ ቢሄዱ ስንት ይቀራል?»

«መቶ በግ ቢኖረኝ ጡሩምባ ነፊ እሆን ነበር?»

«እንበል ነው፣ አባባ።»

«እንበልማ ካልክ ለምን ሰባቱን ታስሄዳቸዋለህ? ይቀመጡ።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን አልቆየም። ሰዓቱን አውልቆ «ይሄ ምንድነው?» አለው፤ ወልደጻድቅ አገላበጠው፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው፣ «ይሄ... ይሄ የሚመታው» አለና ስሙን ፈልጎ አጣው። ወረቀት ሰጥቶ «ለሁለት አጥፈው መሬት ያስቀምጡት» አለው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። አሰፋች አግዳሚው ላይ እያነሰች ሄደች። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የምታየው ነገር ነው፤ ሰው ፊት ሲሆን ግን እንደ አዲስ አየችው።

«ቅድም የነገርኩዎትን ሦስት ቃል ይበሉልኝ እስቲ።»

ወልደጻድቅ ፊቱ በራ። ቀና አለ። «አቶ ፈረስ፣ አቶ ቁልፍ፣ ወይዘሮ ገብስ!»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይንሸት ጉንጯ ቀልቷል።

«ጥሩ ቃላት ናቸው» አለ ዶክተር ፍሰሐ ቀስ ብሎ። «የኔ አይደሉም እንጂ።»

«እኔ ነኝ» አለች አሰፋች ከኋላ። «እሷን ምንም አትበላት። እኔ ነኝ ያስጠናሁት።»

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «አንድ ብቻ ቀረኝ፣ አባባ» አለ። «አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይንገሩኝ። የፈለጉትን። ከራስዎ።»

«ምን?»

«የሆነ ነገር ይንገሩኝ። ልብዎ ውስጥ ያለውን። ሙሉ አድርገው።»

ወልደጻድቅ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጡሩምባ አየ። ከዚያ ተነሣ። አሰፋች ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባት አፉ ላይ ካደረገው በኋላ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ፣ የተኛ በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ ራሱን ይነካል። ነፋ፤ ረዥሙን፣ የቀብሩን። ደገመ። ከዚያ ጡሩምባውን ዝቅ አድርጎ፣ ሠላሳ ዓመት ሰፈሩን በቀሰቀሰበት ድምፅ ጠራ፦

«የማርያም ዕድር ሰዎች! ሰምታችሁ አልሰማንም እንዳትሉ! የጡሩምባ ነፊው የወልደጻድቅና የወይዘሮ አሰፋች ልጅ፣ ተማሪ ደመቀ ወልደጻድቅ፣ ከበቆጂ ሲመለስ በሰው እጅ ተገድሎ መንገድ ዳር ተጥሏል! ቀብሩ ዛሬ በስምንት ሰዓት በማርያም ነው! ልጅ ያለው ለልጁ ብሎ ይምጣ! ልጅ የሌለው ለእናቱ ብሎ ይምጣ! እንዳትቀሩ!»

ወይንሸት ዘልላ መስኮቱን ዘጋች።

አሰፋች አልተንቀሳቀሰችም። አጠራሩን ታውቃለች፤ ስንቱን ሰው በዚህ ድምፅ ሸኝታለች። ይህ ግን ዛሬ አፉ ላይ የመጣ ቃል አልነበረም። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም፣ አንድም ስም አልፈለገም። «ልጅ የሌለው ለእናቱ ብሎ» የሚል አጠራር ለማንም ጠርቶ አያውቅም። ያን ቀን እንጨቱን ሲፈልጥ፣ በየፍላጩ መሀል ሲያስተካክለው የነበረ ቃል ነው። ዘጠኝ ዓመት ጥርሱ ውስጥ ይዞት ኖሯል። ሁሉን ሲረሳ፣ የሰዓቱን ስም ሲረሳ፣ እሱን አልረሳም። ያዘንኩት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ኖራ፣ ለካ ቤቷ ውስጥ ሁለት ነበሩ።

ከኮሪደሩ «ወዮ! ወዮ ያ ልጅ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዙቤዳ ናት። ዙቤዳ የማርያም ዕድር አባል አይደለችም፤ የመጮህ ግዴታ ካለባቸው ሁሉ ቀድማ የጮኸችው እሷ ሆነች። ከዚያ ሌላ ሴት ተቀበለቻት፣ ሌላም። በሩ ሲከፈት አቶ ገብረወልድ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸው መሬት ወድቋል፤ አላነሱትም።

አሰፋች በዚያ አግዳሚ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም ተይ አላላትም።

ሲቆይ ዶክተሩ አጠገቧ ተቀመጠ። «እማማ፣ በሽታው ጀምሯል፣ እየገፋም ይሄዳል። የሚያቆም መድኃኒት የለኝም። ብቻቸውን እንዳይወጡ። ሰው ሲሞት ስም የመጥራቱ ነገር ግን...» አልጨረሰውም። ወረቀቱን አየ። «ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። እሱን ሙሉ ሰጥቻቸዋለሁ።»

ቤት ሲገቡ አሰፋች በሩን ልትዘጋ ስትል ሰው መምጣት ጀመረ። ለቅሶ የከለከለው ጊዜ ገና አላለፈምና ለቀስተኛ ሆኖ የመጣ የለም። አንዷ ወንፊት ልትዋስ መጣችና ተቀመጠች። ሌላዋ የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ መጣች፤ ድስቱ ውስጥ ትኩስ ንፍሮ ነበር። ከዲሮ «የብስክሌት መንፊያ ይኖራችኋል?» ብሎ ገባ። ጎሚስታ ሆኖ፣ ብስክሌት ከሌለበት ቤት። ተቀመጠ። ዙቤዳ ወተት ይዛ መጣች፤ ምክንያትም አላቀረበች። ወይንሸት ከራሷ ክፍል አግዳሚ ተሸክማ መጣች። ቤቱ ሞላ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ብርድ ነው እያሉ።

በመጨረሻ አቶ ገብረወልድ መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ ከአጥር ወዲያ ያለ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «አሰፋች፣ ጡሩምባውን ልወስድ ነው የመጣሁት!» አሉ። ከዚያ ገብተው ከሁሉም ዝቅ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጡሩምባ ሊወስድ የመጣ ሰው ያን ያህል አይቀመጥም። ጀምበር እስክትዘቀዝቅ ድረስ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ሲነሡ አሰፋች ጡሩምባውን ራሷ አመጣችላቸው። ጋቢያቸው ሥር ከተቱት።

«የተጠራ ተጠርቷል» አሉና ወጡ።

ወልደጻድቅ ማዕዘኑ ላይ ንፍሮውን እየቆረጠመ ሰዉን ይቃኛል። ሚስማሩን አየ፤ ባዶ ነው። በሩን አየ። አሰፋች የሚጠይቀውን ታውቀዋለችና አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። እሱ ግን ዛሬ ሌላ ነገር ጠየቀ።

«ማን ሞቶ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አላት በሹክሹክታ፣ አለማወቁ ሰው ፊት እንዳያሳፍረው።

«ነገ ይገባል» የምትለው ቃል እንደ ልማዷ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች። አሰፋች ዋጠቻት።

«ደመቀ ነው።»

«የማን ደመቀ?»

«የኛ።»

እጁ ንፍሮው ላይ ቆመ። «ጡሩምባ ተነፋለት?»

«ተነፋለት።»

«ማን ነፋ?»

«አንተ።»

«እኔ?» አለ። ፊቷን ቀረብ ብሎ አየ፤ ስታታልለው እንደሆነ ሊያውቅ። «ጥሩ አድርጌ ነፋሁ?»

«የተኛ በሽተኛ እስኪነሣ ነው የነፋኸው።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከንፍሮው እፍኝ ዘግኖ መዳፏ ላይ አደረገላት፤ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው። «ብዪ» አላት። «ሰው እስኪበተን ድረስ አቅም ያስፈልጋል።»